ከሁለት ደረሰኝ ቀመር ማውጣት፦ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ያሉ ቀጥተኛ ዝምድናዎችን የማንበቢያ መመሪያ

በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ ያለ ደብተርና እርሳስ የሚያውቀው ሒሳብ አለ፦ ለአምስት እንጀራ ምጣድ ማጋል አያዋጣም። ምጣዱ እስኪግል የሚሄደው ጊዜ ለአምስትም ለሠላሳም ያው ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንጀራ የየራሱን ደቂቃ ይጨምራል። የታክሲ ሒሳብ፣ የደመወዝ ግብር፣ የሚዛን ስሕተት፣ የደጋና የቆላ ሙቀት ሁሉ በዚሁ ቅርጽ ይሠራሉ። ሁሉም ዘንድ የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው ገና ምንም ሳይሠራ የሚቆጠረው ነው፤ «መነሻ» እንበለው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ፣ ኪሎ ሜትር ወይም እንጀራ የሚጨመረው ነው፤ እሱን «ተመን» እንበለው።

ጠቅላላ = መነሻ + (ተመን × መጠን)

በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ በ«ኤክስ» እና በ«ዋይ» የተጻፈው የቀጥተኛ መስመር እኩልታ ከዚህ የተለየ አይደለም። ያኔ ለፈተና ስለነበር ተሸምድዶ ተረሳ። እዚህ የምንሠራበት ግን ገንዘብ ለማዳንና ሰው ሲያታልለን ለማወቅ ነው። እርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት የገበያና የታክሲ ዋጋዎች ለማስረዳት የተወሰዱ ስለሆኑ የሰፈርዎን ዋጋ ተክተው ይሥሩ።

ደረጃ 1፦ የሚመራውንና የሚከተለውን ይለዩ

ገጹን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል እርስዎ የሚወስኑትን ይጻፉ፦ ስንት እንጀራ፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ኪሎ ጤፍ። በቀኝ በኩል ያንን ተከትሎ የሚመጣውን ይጻፉ፦ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ብር። ሁለቱም ተለዋዋጮች ናቸው፤ ግራው ይመራል፣ ቀኙ ይከተላል። መለኪያውን ከቁጥሩ አይነጥሉ። «25» ብቻውን ምንም አይናገርም፤ «በኪሎ ሜትር 25 ብር» ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። መብራቱ ደካማ በሆነበት ቀን የተለካ የምጣድ ጊዜና በደህናው ቀን የተለካው በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገቡም።

ደረጃ 2፦ እኩል እርምጃ እኩል ጭማሪ ያመጣ እንደሆነ ይፈትኑ

የሚመራውን ቁጥር እኩል እኩል እያሳደጉ የሚከተለውን ይመዝግቡ። ምጣዱ እስኪግል 20 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ የሚፈጅበት ቤት እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ያገኛል፦

5 እንጀራ፦ 35 ደቂቃ
10 እንጀራ፦ 50 ደቂቃ
15 እንጀራ፦ 65 ደቂቃ
20 እንጀራ፦ 80 ደቂቃ

በየአምስቱ እንጀራ የሚጨመረው 15 ደቂቃ ነው፤ አይዋዥቅም። ቀጥተኛ ዝምድና ማለት ይኸው ነው፤ ነጥቦቹ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሲቀመጡ በአንድ ማስመሪያ ጠርዝ ላይ ይሰለፋሉ። ለአምስት እንጀራ ብቻ ምጣድ የሚያግል ሰው ለአንዱ እንጀራ 7 ደቂቃ ያወጣል፤ ሠላሳ የሚጋግር ግን ከ4 ደቂቃ በታች። ተመኑ አልተለወጠም፤ መነሻው ለብዙ ተካፈለ እንጂ።

«አንዱ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል» የሚለው ብቻውን ቀጥተኛ አያሰኝም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባንክ በዓመት 7 በመቶ ወለድ እየከፈለ ወለዱን ከዋናው ጋር ቢደምርልዎ 10,000 ብር በመጀመሪያው ዓመት 10,700፣ በሁለተኛው 11,449፣ በሦስተኛው 12,250 ብር ገደማ ይሆናል። ጭማሪው 700፣ ከዚያ 749፣ ከዚያ 801 ነው፤ እያበጠ ይሄዳል። የካሬ መሬትም እንደዚሁ ነው፦ ጎኑ ከ10 ሜትር ወደ 20 ሜትር ሲያድግ ስፋቱ ከ100 ወደ 400 ካሬ ሜትር ይዘላል። አራት ግንበኞች በስድስት ቀን የሚጨርሱትን አጥር ስምንት ግንበኞች በሦስት ቀን ቢጨርሱትም አሥራ ሁለት ሆነው በዜሮ ቀን አይጨርሱትም። እነዚህን በዚህ መመሪያ ቀመር አይንኳቸው።

ደረጃ 3፦ ከሁለት ደረሰኝ ሁለቱን ቁጥሮች ያውጡ

በስልክ የሚጠራ ታክሲ ተሳፍረው ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች አደረጉ እንበል። የ6 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ 250 ብር፣ የ14 ኪሎ ሜትሩ 450 ብር አስከፈለ። ሒሳቡን ለጠቅላላው ርቀት አካፍሎ «በኪሎ ሜትር 42 ብር» ወይም «32 ብር» ማለት ወደ ግጭት እንጂ ወደ እውነት አይወስድም፤ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው እንኳን አይስማሙም። ሥራው በልዩነት ይጀምር፦

የብሩ ልዩነት፦ 450 − 250 = 200
የርቀቱ ልዩነት፦ 14 − 6 = 8
ተመን፦ 200 ÷ 8 = በኪሎ ሜትር 25 ብር

ልዩነት መውሰዱ የሚጠቅመው መነሻው በሁለቱም ደረሰኝ ውስጥ እኩል ስላለና በመቀነስ ስለሚጠፋ ነው። ተመኑ ከታወቀ መነሻውን ከአንዱ ደረሰኝ ይፈልጉት፦ 250 − (25 × 6) = 100 ብር። በሌላው ያረጋግጡ፦ 450 − (25 × 14) = 100። ተስማሙ።

ሁለቱን ጉዞዎች ሲመርጡ ርቀታቸው በጣም ይለያይ። የ6 እና የ7 ኪሎ ሜትር ደረሰኞች ቢወስዱ የአምስት ወይም የአሥር ብር መጠጋጋት እንኳን ተመኑን ያጣምመዋል።

ደረጃ 4፦ ሦስተኛ ምስክር ይጥሩ

በሁለት ነጥቦች መካከል ሁልጊዜ አንድ ቀጥተኛ መስመር ይሠመራል፤ ስለዚህ ሁለት ደረሰኝ ቀመርዎን አይመሰክርም። ሦስተኛ ያስፈልጋል። የ9 ኪሎ ሜትር ጉዞ በቀመሩ 100 + 225 = 325 ብር መሆን ነበረበት። ደረሰኙ 360 ካለ 35 ብር ከየት መጣ? ከመጮህዎ በፊት ሰዓቱን ይመልከቱ። ለመጨናነቅና ለመቆም በደቂቃ የሚቆጥር አገልግሎት ብዙ ነው፤ ያ ማለት ጠቅላላውን የሚመሩት ተለዋዋጮች ሁለት ናቸው፤ ርቀትና ጊዜ። ለኪሎ ሜትሩ የሠራነውን ሥራ ለደቂቃው ለመድገም እኩል ርቀት፣ የተለያየ ሰዓት የተጓዙባቸውን ሁለት ደረሰኞች ይፈልጉ።

ሦስተኛው ምስክር የሚጥለው ቀመር አያሳፍርም። ሊያሳፍር የሚገባው ያልተፈተነ ቀመር ይዞ ከሹፌር ጋር መከራከር ነው።

ደረጃ 5፦ ሚዛንን በመነሻና በተመን ይመርምሩ

ከዚህ ሁሉ ለቤት አስተዳዳሪ በጣም የሚጠቅመው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ጥቂት እንቆይበት። በገበያ ያለው የሞላ ሚዛን የሚሠራው ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1678 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሕግ ነው፦ የሞላው መለጠጥ ከተሸከመው ክብደት ጋር በቀጥታ ይሄዳል። ክብደቱ ሲያጥፍ መለጠጡም ያጥፋል። ሕጉ የሚጸናው ግን ሞላው ከአቅሙ በላይ እስካልተጫነ ድረስ ነው፤ አንዴ ከተጎዳ ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ መርፌውም ባዶ ሳለ ከዜሮ ላይ አይቆምም።

ለመፈተን ክብደታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሦስት የታሸጉ ዕቃዎች ይዘው ይቅረቡ፤ አንድ ኪሎ ጨው ወይም አንድ ኪሎ ስኳር ይሆናል። አንዱን፣ ከዚያ ሁለቱን፣ ከዚያ ሦስቱንም ይስቀሉ። ሚዛኑ 1.1፣ 2.1፣ 3.1 ካነበበ በየእርምጃው የሚጨምረው ልክ አንድ ኪሎ ስለሆነ ተመኑ ደህና ነው፤ የተበላሸው መነሻው ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን ከእያንዳንዱ ገዢ መቶ ግራም ይወስዳል፤ ከአንድ ኪሎ ገዢም፣ ከአምስት ኪሎ ገዢም። ስለዚህ በጣም የሚጎዳው ሩብ ኪሎ ቡና የሚገዛው ነው፤ ከ250 ግራሙ 100 ግራም ይቀርበታል።

1.05፣ 2.10፣ 3.15 ካነበበ ደግሞ መነሻው ዜሮ ነው፤ የተበላሸው ተመኑ ነው። ይህ ሚዛን ከሁሉም ገዢ እንደ መጠኑ ይወስዳል፦ ከአንድ ኪሎው 50 ግራም ገደማ፣ ከኩንታሉ 5 ኪሎ ገደማ። ባዶውን ቢያዩት ከማንም በላይ ሐቀኛ ነው፤ መርፌው ዜሮ ላይ ቆሟል። መርፌው ዜሮ መሆኑን አይቶ የሚረካ ገዢ ያየው ግማሹን ብቻ ነው። በዲጂታል ሚዛን ላይም ያው ነው፤ ወደ ዜሮ የሚመልሰው ቁልፍ መነሻውን ያስተካክላል እንጂ ተመኑን አይነካም።

ደረጃ 6፦ ሁለት ዋጋዎችን ያነጻጽሩ፣ የሚገናኙበትንም ይፈልጉ

የሰፈሩ እህል መደብር ጤፉን በኪሎ 150 ብር ይሸጣል። እህል በረንዳ 138 ብር ይገኛል፤ ግን ደርሶ መመለስና ማስጫኛ 600 ብር ያስወጣል። የቱ ይሻላል? መልሱ «ስንት ኪሎ?» ነው።

ሰፈር፦ 150 × ኪሎ
እህል በረንዳ፦ 600 + (138 × ኪሎ)

የተመኖቹ ልዩነት በኪሎ 12 ብር ነው። እህል በረንዳ የሄደ ሰው 600 ብሩን የሚያስመልሰው በ12 በ12 ብር እየቆጠበ ነው፦ 600 ÷ 12 = 50 ኪሎ። ከግማሽ ኩንታል በታች ሰፈር፣ ከዚያ በላይ እህል በረንዳ። አንድ ኩንታል ቢገዙ የሚተርፍዎት 600 ብር ነው፤ ከጎረቤት ጋር ሁለት ኩንታል በአንድ ጉዞ ብታመጡና መጫኛው ያው ቢሆን ትርፉ 1,800 ብር ይደርሳል። የመኪና ኪራይ፣ የስልክ ጥቅል፣ የድግስ ዕቃ ኪራይ ሁሉ በዚሁ ዘዴ ይፈታል፦ የመነሻዎቹን ልዩነት ለተመኖቹ ልዩነት ማካፈል።

መነሻው ከፍ ያለው ተመኑም ከፍ ካለ ምንም ስሌት አያስፈልግም፤ መቼም አያዋጣም።

ደረጃ 7፦ የተሰበረውን መስመር ያንብቡ፤ የደመወዝ ግብር

«ደመወዝ ተጨመረልኝ፣ ግብሩ ከፍ ወዳለው እርከን ገባና የሚደርሰኝ ቀነሰ» የሚል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ የመቀጠር ገቢ ግብር እንዲህ ይሰላል፦

እስከ 2,000 ብር፦ ግብር የለም
2,001 – 4,000፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
4,001 – 7,000፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
7,001 – 10,000፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
10,001 – 14,000፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

እያንዳንዱ እርከን አንድ ቀጥተኛ መስመር ነው። መቶኛው ተመኑ ነው፤ ተቀናሹ ከዜሮ በታች የሆነ መነሻ ነው። የሒሳብ ሠራተኞች የሚቀንሱት ይህ ቁጥር መንግሥት የሰጠው ቅናሽ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። መስመሮቹ በእርከኖቹ ድንበር ላይ ሳይዘሉ እንዲገጣጠሙ የተሰላ ነው። እራስዎ ያውጡት፦ በ10,000 ብር ላይ የ25 በመቶው መስመር 2,500 − 850 = 1,650 ይሰጣል። የ30 በመቶው መስመር ያለ ተቀናሽ 3,000 ነው። እዚያው 1,650 ላይ እንዲያርፍ 1,350 መቀነስ አለበት። ሰንጠረዡም ያንኑ ይላል።

አሁን ቅሬታውን እንፈትሽ። 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 1,650፣ የሚተርፈው 8,350 ነው። 400 ብር ተጨመረለት። በአዲሱ እርከን ግብሩ 3,120 − 1,350 = 1,770 ይሆናል፤ የሚተርፈው 8,630። ጡረታን ሳንቆጥር ከ400 ብሩ 120 ለግብር ሄደ፣ 280 ኪሱ ገባ። ከፍ ያለው መቶኛ የነካው ከ10,000 በላይ ያለችውን 400 ብር ብቻ ነው። ጭማሪውን የሚበላ ሌላ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የቁጠባና ብድር ተቀናሽ፣ እሱን ይፈልጉ፤ እርከኑ ንጹሕ ነው።

የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ሲሆን መነሻ የሌለው መስመር ነው። ስለዚህ ከ10,001 እስከ 14,000 ባለው እርከን፣ ገቢው ሁሉ መደበኛ ደመወዝ ከሆነ፣ እጅ የሚገባው በአንድ መስመር ይጠቃለላል፦ 1,350 + (0.63 × ደመወዝ)። ለ12,000 ብር 8,910። የደመወዝ ጭማሪ ድርድር ላይ ለሚቀመጥ ሰው በዚህ እርከን ውስጥ «ከእያንዳንዱ 100 ብር ጭማሪ 63ቱ የእኔ ነው» ብሎ መግባት ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ታች የሚወርደውንና መለኪያ የሚቀይረውንም ይሥሩ

ተመን ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዳማ በግምት 700 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ 4.5 ዲግሪ ያህል ሞቅ ማለቷ አያስገርምም። ደብረ ብርሃን ደግሞ 500 ሜትር ያህል ስለምትበልጥ ጋቢ ይዞ መሄድ ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፦ 100 − (ከፍታ ÷ 300)። በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ነው። ምስርና ባቄላ በደጋ ቶሎ የማይበስሉት እሳቱ ስላነሰ አይደለም፤ የሚፈላው ውሃ ራሱ ከቆላው ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ነው።

ዋሽንግተን ያለ ዘመድ «ዛሬ 95 ዲግሪ ነው» ሲል ፋራናይት መሆኑ ነው። ቀመሩን ከሁለት ነጥቦች ያውጡት፦ በባሕር ወለል ላይ ውሃ የሚረጋው በ0 ሴልሺየስ ወይም በ32 ፋራናይት፣ የሚፈላው በ100 ወይም በ212 ነው። 180 ÷ 100 = 1.8፤ መነሻው 32። የ95 ፋራናይት ሴልሺየስ (95 − 32) ÷ 1.8 = 35 ነው። በቃል ለመሥራት «እጥፍ አድርጎ 30 መጨመር» ይበቃል፤ በ10 ሴልሺየስ ላይ ልክ ይገጥማል፣ በ25 ላይ በ3 ዲግሪ ይስታል፣ ከዚያም እየራቀ ይሄዳል።

ደረጃ 9፦ ነጥቦቹ ሲበታተኑ

የመብራት ካርድ ፍጆታ ወይም የመኪና ነዳጅ በየቀኑ ሲመዘገብ ነጥቦቹ ማስመሪያ ላይ አይሰለፉም። አሥር ያህል ነጥቦች ያስቀምጡና ብርሃን የሚያሳልፍ ማስመሪያ ወስደው ከላይና ከታች የሚቀሩት ነጥቦች ተመጣጣኝ እስኪሆኑ ያንቀሳቅሱት። ያሠመሩት መስመር ግምት ነው፤ ግን ከአንድ ቀን ደረሰኝ የተሻለ ግምት ነው። ብቻውን ርቆ የቆመ ነጥብ ካለ ከመሰረዝዎ በፊት ያ ቀን ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ እንግዳ መጥቶ ይሆናል፣ ቆጣሪው ተበላሽቶም ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ቀመሩ የሚሠራበትን ክልል አጠገቡ ይጻፉ

ሕፃን ሲወለድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓመቱ 75 ይደርሳል። ሁለት ነጥብ፣ በዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ተመን። በዚሁ ቢቀጥል በአሥር ዓመቱ ሦስት ሜትር፣ በሃያ ዓመቱ አምስት ሜትር ተኩል ይሆን ነበር። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ከክልሉ ወጥቶ ተጠየቀ እንጂ። የግብሩ ሰንጠረዥም ከእርከኑ ውጭ ሲጠየቅ እንዲሁ ይቀባጥራል፦ የ15 በመቶውን መስመር ደመወዝ ለሌለው ሰው ቢሠሩበት መንግሥት 300 ብር እንዲመልስለት ያዛል። በማሳ ላይ የሚበተን ማዳበሪያም ለመጀመሪያው መጠን ምርቱን ያሳድጋል፤ እየጨመሩ ሲሄዱ መስመሩ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ሰብሉን ይጎዳል።

ስለዚህ ደብተርዎ ላይ ቀመር ሲጽፉ ከጎኑ ሁለት ነገሮችን ያክሉ፦ ከስንት እስከ ስንት እንደተፈተነና መቼ እንደተለካ። «100 + 25 × ኪሎ ሜትር፤ ከ6 እስከ 14 ኪሎ ሜትር፤ ጥቅምት» እንደማለት። ነዳጅ ሲጨምር ወይም ታሪፍ ሲቀየር የመጀመሪያውን አዲስ ደረሰኝ ከቀመሩ ጋር ያስተያዩት። በአንድ ጉዞ ብቻ መነሻው ይሁን ተመኑ የተነካው መለየት አይቻልም፤ አጭርና ረጅም ጉዞ ሁለት አዲስ ደረሰኞች ይዘው ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።